በፕላስተር የተሸፈነችው ቀይ መብራት

መብራቷ ጠፋች። ኧረ በቃ ድርግም ብላ ጠፋች፤ ጋሽ ፍሬን ደግሞ መላጣ ራሳቸውን በመኪናው መስኮት አስገብተው ዳሽቦርዱን ትክ ብለው እያዩ፣ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ነገር ጠየቁ። «እኔ ምልሽ፣ ለምንድን ነው የጠፋችው?» አሉ።

እሺ፣ ከመጨረሻው መጀመር ነውር ነው፤ ይታወቃል። ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተብሎ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል? ጋሽ ፍሬን እኮ ናቸው የጠየቁት። «ለምን» የሚል ልጅ ሲያዩ «ሥራ የፈታ አእምሮ» የሚሉት ሰውዬ። በቃ አሁን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሁንና ከመጀመሪያው ይነገር።

ጋሽ ፍሬን የጠየቋት ልጅ አጎት ናቸው፤ የእናቷ ወንድም። ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር ነበሩ። የጭነት መኪና፣ የተማሪ አውቶብስ፣ የዳቦ ቤት መኪና፣ ያልነዱት የለም። አሁን ጡረታ ወጥተው የቀረቻቸው አንዲት የቤት መኪና ናት። «ፍሬን» ብለው ስም ያወጡላቸው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ድመት ከአጥር ላይ ልትወርድ ገና ስታስብ እሳቸው ቀድመው ቆመው ይጠብቋታል። ልጅቷን ደግሞ ሁሉም ሰው ጥያቄ ነው የሚላት። አፏን ስትፈታ ከ«እማ» ቀጥሎ ያለችው «ለምን» ነው ይባላል። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ የመኪና ኤሌክትሪክ ትማራለች፤ ቦርሳዋ ሲከፈት ከከንፈር ቅባቷ አጠገብ ካቻቪት ይገኛል።

የዚያን ቀን ጥያቄ ወደ አጎቷ ቤት የመሄድ ሐሳብም አልነበራት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ ጣለባት፤ የእነ ጋሼ ግቢ በር ደግሞ ገርበብ ብሎ ነበር። ደብተሯን ራሷ ላይ አድርጋ ሮጣ ገባችና መኪናዋ የምትቆምበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠለለች። ጋሼ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው፣ የቁስል ፕላስተር በጥርሳቸው ይቆርጣሉ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ምነው፣ ተጎዱ እንዴ?»

«ማን፣ እኔ? ደህና ነኝ።»

«ፕላስተሩስ?»

«እሱ ለመኪናዋ ነው።»

ጥያቄ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። ዳሽቦርዱ ላይ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር ትንሽዬ ቀይ መብራት በርታለች፤ የባትሪ ሥዕል ናት፣ መደመርና መቀነስ ያለባት። ጋሼ ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለጠፉባትና እጃቸውን አራገፉ።

«አሁን ተገላገልን» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ መብራት ከመቼ ጀምሮ ነው የምትበራው?»

«ሰነበተች። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ትል ነበር። አሁንማ ዓይኗን አፍጥጣ ቀረች። አማት ከጎን አስቀምጦ እንደመንዳት ነው።»

«ታዲያ ለምን ይሸፍኗታል?»

«ውሸታም ናታ።»

«መብራት ይዋሻል እንዴ?»

«ቁጭ በይና ስሚ» አሉ ጋሼ፣ ከመኪናው እየወረዱ። «ሥዕሏ የምንድን ነው? የባትሪ። እንግዲህ 'ባትሪህ ሞቷል' ማለቷ ነው። እሺ ብዬ ትናንት ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው የቤት መኪና ባትሪውን ተውሼ ገጠምኩላት። ምን የመሰለ አዲስ ባትሪ። ሞተር አስነሳሁ፣ አሁንም በራች። ባትሪ የለም ብላ ከሰሰች፣ ባትሪ መጣላት፣ አሁንም ትከሳለች። እንዲህ ያለ ምስክር ፍርድ ቤት ቢቆም ዳኛው ምን ይላል? ውጣ ነው የሚለው። እኔም አስወጣኋት።»

አሁን እውነቱን እንነጋገር፤ የጋሽ ፍሬን ክርክር አያምርም? ጥያቄ ራሷ ፕላስተሩን ደግማ አየችው። የሆነ ቦታ እንደተበላሸ ታውቃለች፣ ግን የቱ ጋ እንደሆነ ቶሎ አልመጣላትም። ደስ የሚለው ደግሞ ይሄ ነው፤ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲያገኝ እንቅልፍ የሚነሳው ጉጉት አለ አይደል? እሱ ጀመራት።

ከበረንዳው ድምፅ መጣ። «ማናት? ጥያቄ ናት እንዴ?»

እትዬ ናቸው፤ የጋሼ ታላቅ እህት፣ የጥያቄ ትልቋ አክስት። በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የዝናቡን ድምፅ እንጂ ዝናቡን አያዩትም። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ሰው የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ግን፣ ከዳገቱ ማዶ ባለው ከተማ ሆስፒታል፣ አንደኛው ዓይናቸው ሊገፈፍ ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሞቹ ከሩቅ የሚመጡ ናቸው፤ ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ፣ እንደገና መቼ እንደሚመጡም አይታወቅም። ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፋል። እትዬን የምታደርሰው ደግሞ ይቺው ፕላስተር የተለጠፈባት መኪና ናት። ገባችሁ አይደል? ያ ረጅም ዳገት፣ ያ ማለዳ፣ ያቺ መብራት።

«እኔ ነኝ እትዬ፤ እንደምን ዋሉ» አለች ጥያቄ።

«ምን ተገኘ? ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጓል።»

«መኪናዋ አንድ ነገር እየተናገረች ነው፤ ጋሼ ደግሞ አፏን እየዘጉባት ነው።»

«እንግዲህ ጀመረች» አሉ ጋሼ። «ልጄ፣ አክብሬሽ ልንገርሽ። እኔ መኪና የማውቀው በጆሮዬ ነው። ሞተሩ ሲታመም እሰማዋለሁ። በእኛ ጊዜ ዳሽቦርድ ላይ የገና ዛፍ አልነበረም፤ መኪና ግን ይሄድ ነበር። ትምህርትሽን አልነቅፍም፤ ግን ወረቀት መኪና አይነዳም።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ፤ ወረቀት አይነዳም። ግን ጆሮ ኤሌክትሪክ ይሰማል?»

ከበረንዳው ሳቅ መጣ።

«መለሰችልህ» አሉ እትዬ። «በል አሁን ኮፈኑን ክፈትላት። ነገ የምሄደው እኔ ነኝ፤ የዳገቱ መሀል ላይ ወርጄ ልገፋ አልችልም።»

ታላቅ እህት ካለች ጉዳዩ አለቀ። ጋሼ እያጉረመረሙ ኮፈኑን ከፈቱ። ሞተሩ እንደ ታጠበ ሰሐን ያብረቀርቃል። አንዲት አቧራ የለችበትም። ጋሼ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማ ቧንቧ ስበው፣ ሳሙና አረፋ አድርገው፣ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች እንደ ሕፃን ነው የሚያጥቡት። የሾፌር ልጅ ገላውን ሳይታጠብ ሊያድር ይችላል፣ ሞተር ግን አያድርም ይላሉ።

ጥያቄ እጅጌዋን ሰበሰበች። የሆነ ጥሩ ስሜት ያዛት፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ አለች። «ቺንጋው ነው፣ የሞተሩ ቀበቶ» አለች ገና ሳታይ። «ቺንጋው ሲላላ ዲናሞው በደንብ አይዞርም፤ ዲናሞው ካልዞረ ኃይል አይመጣም። ይኸው፣ ይንኩት።»

ጋሼ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ቺንጋው ውጥር ያለ ነው። ስንጥቅም የለው፣ ዘይትም አልነካው። እሷም ተጫነችው። ውጥር።

«አስተማሪሽን ሰላም በይልኝ» አሉ ጋሼ።

ጥያቄ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ያንን አልጠበቀችም። የተማረ ሰው ደግሞ ሳያይ ሲፈርድ እንደ ጋሼ ፕላስተር ነው፤ እሱም መሸፈን ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእሷም ጭምር መሆኑ ያን ጊዜ ገባት። በሆዷ «ቀስ በይ አንቺ» አለች፤ መልሱን ትታ ጥያቄው ጋ ተመለሰች።

ጋሼ ግን ዕድሉን አገኙት። «በይ አሁን የሽማግሌን ሙያ ተመልከቺ» አሉና ሞተሩን አስነሱ። ከዚያ የብሎን መፍቻ ይዘው ወደ ባትሪው ጎንበስ አሉ። «ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቀል። ሞተሩ ከቀጠለ ዲናሞው ደህና ነው። ቀጥ ካለ ደግሞ ሞቷል። ይሄ ሁላችንም የኖርንበት ነው። መሣሪያ የለ፣ ትምህርት ቤት የለ፤ በ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ጥያቄ የእጃቸውን አንጓ ለቀም አድርጋ ያዘች።

አስቡት፤ የእናቷ ወንድም ናቸው፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ እሷ ደግሞ ከመንገድ ሮጣ የገባች እርጥብ ልጅ። ግን አልለቀቀችም።

«ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?» አሉ እትዬ።

«እጄን ያዘችኝ» አሉ ጋሼ፣ ራሳቸው ማመን አቅቷቸው።

«ይቅርታ ጋሼ፤ ንቄዎት አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን ያጥፉልኝ፣ ከዚያ ይቆጡኝ። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።»

ጋሼ መፍቻውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሄደው አጠፉት። ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

«በይ ተናገሪ።»

«የዚያን ጊዜ የነዷቸው መኪኖች ኮምፒውተር ነበራቸው?»

«ኮምፒውተር የቢሮ ዕቃ ነው።»

«ይቺ መኪና ውስጥም አለ፤ ከዚህ ፕላስቲክ ሳጥን ሥር። ነዳጁን የሚመጥነው፣ መብራቷን የሚያበራት እሱ ነው። ባትሪ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ፍራሽም ነው። ዲናሞው የሚልከው ኃይል ዘለል ዘለል እያለ ይመጣል፤ ባትሪው ይቀበለውና ያረጋጋዋል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ሲነቅሉት ፍራሹን ከሥር እንደመሳብ ነው። ዘሎ የሚያርፈው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።»

«እና አሁን ነቅዬው ቢሆን ይፈነዳ ነበር?»

«አይፈነዳም። ምናልባትም ምንም አይሆን። ምናልባት ደግሞ ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ፣ ነገ እትዬ እዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይቀሩ ነበር። የድሮዎቹ መኪኖች ይሄን ይችሉት ነበር። እርስዎ አልተሳሳቱም፣ መኪናው ነው የተቀየረው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ብዙ ሥራ ሠራች። ሽማግሌ «ተሳስተሃል» ሲባል በሩን ይዘጋል፤ «ዘመኑ ተቀየረ» ሲባል ግን ቢያንስ በመስኮት ያያል። የጋሼ ትከሻ ረገብ አለ።

«ታዲያ ሳይነቀል በምን ይታወቃል?» አሉ።

ጥያቄ ቦርሳዋን ፈትሻ ትንሽ ቢጫ ሣጥን የምትመስል ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አወጣች፤ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያንጠለጠለች።

«የጥርስ ሐኪም ዘርፈሽ ነው?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ ነዎት የሚለኩት። ቀዩን ቀዩ ላይ፣ ጥቁሩን ጥቁሩ ላይ። እኔ እጄን አላስገባም።»

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። እጃቸው ጎማ ለመፍታት የለመደ ወፍራም እጅ ነው፤ ሽቦዎቹን ግን እንደ መርፌ ነበር የያዟቸው።

«አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ይላል።»

«ደህና ነው፤ ባትሪው ሙሉ ነው። ባትሪው የውሃ ታንከር ነው ይበሉ፤ ዲናሞው ደግሞ ታንከሩን የሚሞላ ፓምፕ። አሁን ሞተሩን አስነስቼ መብራቱን አበራለሁ። ፓምፑ ከሠራ ቁጥሩ ወደ አሥራ አራት ይወጣል። እርስዎ ብቻ ይዩልኝ።»

ሞተሩ ተነሣ። ጋሼ ቴስተሩን አተኩረው እያዩ ነው።

«አልወጣም» አሉ። «ቆይ። ኧረ እየወረደ ነው። አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት። አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። ቀና አላለም እኮ፣ እየወረደ ነው ልጄ።»

ድምፃቸው ውስጥ የሆነ አዲስ ነገር ነበር። ጥያቄ ሰማችው።

«እንግዲህ ምስክሯን እንደገና እንስማት» አለች፣ ሞተሩን አጥፍታ እየመጣች። «መብራቷ 'ባትሪ የለም' አላለችም ጋሼ። 'ባትሪው ምግብ አልደረሰውም' ነው ያለችው። እርስዎ ደግሞ ለተራበ ሰው ሆድ ቀየሩለት።»

ከበረንዳው እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። በሐሳብ ዳገቱን ሲወጡ ነበር የሚታዩት።

«የልብስ ሰፊው ባትሪ ሙሉ ስለነበር ትናንት አልተሰማኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ በማለዳ፣ መብራት አብርቼ፣ ዳገቱን ስወጣ...»

«ትጨርሰዋለች። ከዚያ መብራቱ ይደክማል፣ ሞተሩም ይጠፋል። የልብስ ሰፊው ባትሪም ባዶ ይሆናል።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አሉ እትዬ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልበልህ። እኔ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖት ልገፈፍ የምሄድ ሰው ነኝ። አንተ ደግሞ እኔን በምትወስድበት መኪና ዓይን ላይ በገዛ እጅህ ሞራ ትለጥፋለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያልከኝ አንተ አልነበርክም? እኔ ሆስፒታል አልሄድም ስል ማነው የለመነኝ?»

ጋሼ ሄዱና ፕላስተሩን ላጡት። ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር መብራቷ አልበራችም፤ ግን ቦታዋ ባዶውን ሲታይ ራሱ ያያቸው መሰላቸው።

«ዲናሞው ሞቷል ማለት ነው፤ ይቀየራላ» አሉ ሲመለሱ።

«አይቸኩሉ ጋሼ። እኔም ቅድም ቸኩዬ ቺንጋ ብዬ አፈርኩ። ፓምፑ ታሞ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን 'ሥራ' የሚለው ሰው ድምፁ ተዘግቶ ደግሞ ሊሆን ይችላል። ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ የምታመጣ ቀጭን ሽቦ አለች።»

አሁን ሁለቱም ኮፈኑ ሥር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመዋል። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ያስፈታቻቸው። «እንዲህ ሲሆን ይነቀላል» አለች፣ ጋሼም «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። በስልኳ መብራት ከዲናሞው ጀርባ አበራች። ወፍራሙ ሽቦ ጠበቅ ብሏል፣ ደህና ነው። አጠገቡ ትንሽዬ ሶኬት አለች። ጥያቄ ጠርዟን ጫን አድርጋ ሳበቻትና ወደ ብርሃን አወጣቻት።

ውስጧ አረንጓዴ ነበር። እንደ ረጋ ኩሬ ዳር፣ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ዝገት። ውስጧ ካሉት የመዳብ ጥርሶች አንዷን በልቷታል።

ወይኔ፣ ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት። ወርቅ ያገኘች ነው የምትመስለው። «ይኸው ጋሼ፣ ይኸው ተዘጋ ድምፁ።» ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ጥያቄ መጣላት። እንዲህ የሚያብረቀርቅ ሞተር ውስጥ ይሄ ሁሉ ዝገት ከየት መጣ? መልሱን ደግሞ አወቀችው። ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን የጎማ ቧንቧ አየች። ጋሼም ዓይኗን ተከትለው አዩት።

«አይሆንም» አሉ።

«ጋሼ...»

«ንጽሕና ጥፋት ሆኖ አያውቅም። ቆሻሻ መኪና ነድቼ አላውቅም እኔ።»

«ንጽሕና ጥፋት አይደለም። ሞተሩን በእርጥብ ጨርቅ ቢወለውሉት አረንጓዴው አይመጣም ነበር። ቧንቧው በግፊት ሲረጭ ውሃውና ሳሙናው ሶኬቱ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም፤ ቁጭ ብሎ ይበላዋል። ይሄን ያመጣው እንክብካቤዎ ነው እንጂ ግዴለሽነትዎ አይደለም።»

ጋሼ የመኪናዋ ጭቃ መከላከያ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ይሄ ከሁሉም ከበዳቸው። መብራት ውሸታም አለመሆኗን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የሚወዱትን ነገር በፍቅር እንዳሳመሙት መስማት ግን ሌላ ነው። ጥያቄም ልቧ ተነካ፤ ብትችል ያንን ዓረፍተ ነገር መልሳ ትውጠው ነበር።

የተናገሩት እትዬ ናቸው። «እኔም ዓይኔ ሲሸፈንብኝ በሳሙና እያሸሁ ነበር የማጥበው፤ ቆሻሻ መስሎኝ። ሐኪሙ ሲነግረኝ አፈርኩ እንጂ ዓይኔን አልጣልኩትም። በል አሁን ጥረግላት።»

ጋሼ ራሳቸው ጠረጉት። ጥያቄ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አጥፋ ሰጠቻቸው፤ እሳቸው ያንን ወፍራም ጣት እንደምንም አሹልከው ጥርሶቹን አንድ በአንድ አሹ። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ የመዳብ ቀለም ብቅ አለ። በደረቅ ብሩሽ ጠረጉት፣ አደረቁት። ሶኬቷን ሲመልሷት ቀጭ አለች። የባትሪውን ሽቦ አሰሩ። ጥያቄ ቴስተሩን ይዛ ቆመች፤ ጋሼ ገብተው ሞተር አስነሱ።

መብራቷ ከሌሎቹ ጋር በራች። ከዚያ፣ መቼም ተነግሯችኋል፣ ድርግም።

ጋሼ ወረዱ፣ ዞረው መጡና በሾፌሩ መስኮት ጭንቅላታቸውን አስገቡ፤ ከውስጥ ያዩትን ከውጭ ሲያዩት ይለወጥ እንደሆነ እንጃ። «እኔ ምልሽ፣ ለምንድን ነው የጠፋችው?» አሉ። የምር ነው የጠየቁት። «ማለቴ ገብቶኛል፣ ሶኬቱ ተጠርጓል። ግን መብራቷ በምን አወቀች? ማን ነገራት?»

«አሥራ አራት ነጥብ ሁለት» አለች ጥያቄ፣ ቴስተሩን ወደ እሳቸው እያዞረች። «ይምጡ፣ ኮምፒውተሩና ዲናሞው እንዴት እንደሚነጋገሩ ልንገርዎት።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሼ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ አጡ። የፊት መብራቱን ሲያበሩስ? ማራገቢያውንስ? ሁሉንም አብርተው ቴስተሩን ያያሉ፤ ቁጥሩ ከአሥራ አራት አልወረደም። የዘይቷ መብራትስ፣ የሙቀቷስ የሚበሩት በማን ትእዛዝ ነው? እትዬ ከበረንዳው «አሁን ሁለት ጥያቄ ሆናችሁብኝ» አሉ።

ግን አንድ ክርክር ቀርቶ ነበር። ጥያቄ «ይሄ ማስታገሻ ነው፤ አንዱ ጥርስ ተበልቷል፤ ዳገቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሊላቀቅ ይችላል። መንገድ ማዶ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሳይዘጋ ሶኬቷን ያስቀይሩ» አለች። ጋሼ ልማዳቸው መጣ። «የሚሠራን ነገር አትንካ ይባላል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ቴስተሩን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ አፋቸውን ዘጉ፣ ቁልፉን አነሱ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ አዲስ ሶኬት ቀጠለላቸው፤ ጋሼም ሥራው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆመው እያንዳንዷን ሽቦ ምን እንደምትሠራ ጠየቁት። ሰውየው መጨረሻ ላይ «አባባ፣ ሥራ ሊቀጠሩ ነው እንዴ?» አላቸው አሉ። የልብስ ሰፊውም ባትሪ በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የጋሼ አሮጌ ባትሪም ተሞልቶ ሲለካ አንዳች ነገር ያልሆነ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

ጠዋት ማለዳ ወጡ። ሦስቱም። ዳገቱን ሲወጡ ጋሼ ከመንገዱ ይልቅ ያቺን ባዶ ቦታ ቶሎ ቶሎ ያዩ ስለነበር እትዬ ሳያዩ አወቁባቸው። «መንገዱን እይ፤ ካስፈለገች ራሷ ትጠራሃለች» አሏቸው። ከዳገቱ አናት ላይ አንድ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ነበር፣ ተሳፋሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። ጋሼ ወረዱና ኮፈኑ ሥር ከሾፌሩ ጋር አብረው አዩ፣ ስልክም ደውለው እርዳታ ጠሩለት። ሆስፒታል ሲደርሱ የእትዬ ስም ገና አልተጠራም ነበር። ሲጠራ «አለሁ» አሉ እትዬ።

እንግዲህ ጥቅሙን ቁጠሩት። መብራትን መሸፈን ዝምታ ይሰጣል እንጂ ደህንነት አይሰጥም። መለካት ደግሞ ጥርጣሬን ይገድላል፤ ጤነኛ ባትሪ ከመጣል፣ ጤነኛ ዲናሞ ከመቀየር ያድናል። ባትሪ የሚነቀለው ሞተር ጠፍቶ ነው፣ ሞተር የሚጸዳው በጨርቅ ነው። ሽማግሌም ቢጠይቅ አያንስም፤ ወጣትም ቢሳሳት «ቺንጋ አይደለም ለካ» ብሎ መመለስ አያሳፍርም። ይሄን ያለው ማን ነው ካላችሁ፣ ጋሽ ፍሬን ናቸው፣ በሆስፒታሉ መቀበያ ወንበር ላይ ለማያውቁት ሰው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ።

በማግሥቱ የእትዬ ፋሻ ተፈታ። መጀመሪያ ያዩት የጥያቄን ፊት ነው። «አድገሻል» አሉ፤ ጥያቄ መተላለፊያው ላይ ወጥታ አለቀሰች።

ሲመለሱ እትዬ ከፊት ተቀመጡ። ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሆኑ፤ ዛፉን፣ ምልክቱን፣ የሰውን ጫማ። ዳገቱን ወርደው የሰፈራቸው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ የግቢያቸው በር ከፊታቸው እየታየ፣ ጣታቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፉ።

«ያቺ ብርቱካናማ ነገር ምንድን ናት?»

ጋሼ አዩ። የፈረስ ኮቴ ብረት የምትመስል፣ መሀሏ ቃለ አጋኖ ያለባት ትንሽ መብራት ናት። አሁን ነው የበራችው።

«አንቺ ታውቂያታለሽ?» አሉ ጋሼ በመስታወቱ።

ጥያቄ ጎንበስ ብላ አየቻት። «አላውቃትም። በትምህርት ገና አልደረስንባትም። ግን ጋሼ፣ ደርሰናል እኮ። በሩ ያው ነው። እትዬም ደክሟቸዋል፣ ቤት ገብተን እናያታለን።»

ይሄን ያለችው እሷ ናት። ጥያቄ ራሷ።

ከኋላ የተከተላቸው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። እትዬም በሩን በአዲሱ ዓይናቸው እያዩት ነው፤ ማየት የፈለጉት እሱን ነው። ጋሼ ግን ፍሬቻ አሳዩ፣ ወደ ዳር ወጡ፣ ሞተሩን አጠፉ።

«እኔም አላውቃትም» አሉ። «እንግዲህ ወርደን እንጠይቃታ።»

ዞረው ዞረው አዩ። ያገኙት እትዬ ናቸው፤ በመስኮት ብቅ ብለው «የኋላው ጎማ እንደ እኔ ጉልበት አልተኛም?» አሉ። ትልቅ ሚስማር ነበር፤ ጎማው እየተነፈሰ ነው፤ መብራቷ የጎማ አየር ማነስ ነበር ለካ የምትናገረው። እዚያው ቀየሩት፤ እትዬ ብሎኖቹን እየቆጠሩ።

ጥያቄ እስካሁን ስታስበው ያስገርማታል፤ የጋሼን እጅ የያዘችው እሷ፣ ሠላሳ እርምጃ ለማትሞላ መንገድ «እንሂድ» አለች። እናንተስ? እውነቱን ብቻ፤ የማታውቋት መብራት ብትበራ፣ ከኋላ ጥሩንባ እየተነፋ፣ የደከማቸው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጠው፣ ቤታችሁ በር ደግሞ ከፊታችሁ እየታየ፣ ትቆሙ ነበር?